ለቅዳሜ ማታ የመረጥነው ጨዋታ

ሰላም ጓዶች፣ ለቅዳሜ «ስሌይ ዘ ፕሪንሰስ» («ልዕልቷን ግደል») የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ መርጠናል። ያልጫናችሁ ከአሁኑ ጫኑት፣ ያለፈውን ጊዜ ቁጭ ብለን ስንት በመቶ እንደወረደ ስንቆጥር ማምሸታችንን አልረሳሁም።

ብላክ ታቢ ጌምስ የሚባል ትንሽ የካናዳ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ነው። ሥዕሉ የአቢ ሃዋርድ የእርሳስ ሥራ ነው፣ እሱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ጫካ ውስጥ ናችሁ፣ ጎጆ አለ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ልዕልት ታስራለች። ተራኪው «ግደላት፣ አለዚያ ዓለም ይጠፋል» ይላችኋል። ለምን ስትሉት ግን ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል።

ቢላዋውን ይዛችሁ ስትወርዱና ባዶ እጃችሁን ስትወርዱ የምታገኟት ልዕልት አንድ አይደለችም፣ ድምፅዋ ራሱ ይለያል። ስትሞቱ (መሞታችሁ አይቀርም) እዚያው ጫካ ትመለሳላችሁ፣ እሷ ግን ባለፈው እንዳያችኋት ሆና ተለውጣ ትጠብቃችኋለች፤ ከፈራችኋት የሚያስፈራ ነገር ሆና ማለት ነው። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ደግሞ እንደ ምርጫችሁ አዲስ ድምፅ ይጨመራል። ድምፆቹ ከተራኪው ጋር ሲነታረኩ፣ ያ ሁሉ ደም እየፈሰሰ፣ እኔ በሳቅ ፈርሻለሁ። ሁሉንም የሚያሰማው ያው አንድ ሰው፣ ጆናታን ሲምስ፣ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ደሙ ቀልድ አይደለም፣ ስለዚህ ልጆች ይዛችሁ አትምጡ። ጨዋታው ውስጥ የምንመርጠውን የምንወስነው እጅ በማውጣት ነው፣ እኩል ከሆነ ማውዙን የያዘው ይወስናል። የጨረሳችሁ ደግሞ እባካችሁ አፋችሁን ያዙ!