ጌጡ ተቀዳ፣ ሥራው ቀረ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በባህር ዳር የእንጨት ሥራ ቤቶች ከስልክ ፎቶ እየታየ የሚሠራ «የፈረንሳይ» የመዋቢያ ጠረጴዛ አለ። እግሩ ይጠማዘዛል፣ ጠርዙ ወርቅማ ቀለም ይቀባል፣ መስተዋቱ ግን ከኋላው ተገትሮ ቀርቷል። ሲታይ ያምራል፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ከመዋቢያነት ሌላ አገልግሎት የለውም። ጌጡ ተቀድቶ ዋናው ሥራ ተትቷል ባዮች ነን።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ባለጸጎች ከትልልቅ አዳራሾች ይልቅ ትናንሽ ክፍሎችን ሲያዘወትሩ፣ አንዱ ጠረጴዛ መዋቢያም መጻፊያም መጫወቻም እንዲሆን ተፈለገ። ፑድረዝ የሚሉት መዋቢያ ሲዘጋ ተራ ጠረጴዛ ነው። ክዳኑ ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ መካከለኛው ወደ ኋላ ተነሥቶ ከሥሩ የተገጠመውን መስተዋት ያቆማል፣ ሁለቱ ጎኖች ወደ ውጭ ተዘርግተው የዱቄትና የቅባት ማስቀመጫውን ይገልጣሉ፣ ከፊት ደግሞ መጻፊያ ሰሌዳ ይሳባል። ዕውቁ አናጢ ዣን ፍራንሷ ኦበን ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ወዳጅ ለማዳም ደ ፖምፓዱር የሠራው፣ አሁን በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው ጠረጴዛማ መሳቢያው ወደ ፊት ሲመጣ ክዳኑ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እሱ ይቅርብን። ባለ ሦስት ክፍሉን ክዳን ግን ማንኛውም ደህና አናጢ ሊሠራው ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከማጠፊያው ነው። የጎን ክዳን ሲዘረጋ ክብደቱ በሙሉ በማጠፊያው ብሎኖች ላይ ያርፋል። ክዳኑ ከችፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ከሆነ ብሎኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ፍርፋሪ ይዞ ይወጣል። ማጠፊያው በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ ዘንግ በኮላ ይጣበቅ፤ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይበጅለት። ክዳኑ ሲዘረጋ ከሥሩ የሚሳብ ደጋፊ እንጨት ቢኖረው ደግሞ ሕፃን ቢደገፍበትም አይሰበርም።

መስተዋቱ የክዳኑ ሸክም መሆኑም ይረሳል። መስተዋት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ5 ሚሊ መስተዋት 2 ኪሎ ሲሆን የ3 ሚሊው 1.2 ኪሎ ነው። ለሚነሣ ክዳን 3 ሚሊው ይበቃል። በሲሊኮን መለጠፍም አያስፈልግም፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን የመስተዋቱን ብር በልቶ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። በቀጭን የእንጨት ክፈፍ ይያዝ፣ ዙሪያውን 2 ሚሊ ክፍተት ይተውለት። እንጨቱ ይሰፋል ይጠባል፣ መስተዋቱ ግን ባለበት ነው፤ ክፍተት ካጣ ይሰነጠቃል። (ከውጭ የመጣ እውነተኛ ጥንታዊ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ የመስተዋቱን ጀርባ እንዳይፍቅ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠሩት ጀርባቸው በአብዛኛው ቆርቆሮና ሜርኩሪ ነው፤ ትነቱ መርዝ ነው።)

ለጣና ዳር ቤት ከሁሉ የሚስማማው ግን ትሪክትራክ የተባለውን የዳይስ ጨዋታ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ይመስለናል። ክዳኑ ማጠፊያ የለውም፤ ተነሥቶ ይገለበጣል። አንዱ ፊት ለመጻፊያ ቆዳ፣ ሌላው ለካርታ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ከውስጥ 24 ሹል ምልክቶች ያሉት የዳይስ መጫወቻ ይገኛል። እኛ ዘንድ ከክዳኑ ሥር ባለው በዚያው ቦታ ገበጣ ይገባል፦ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ዋንዛ ባለ 12 ወይም ባለ 18 ጉድጓድ ተጠርቦ፣ ሳይጣበቅ እንዲሁ የሚቀመጥ። በገበጣው ሌላ ፊት ዳማ ይሣልበት።

እዚህ ላይ ክረምቱ ይፈትናል። 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወጥ ጣውላ ከበጋ ወደ ክረምት እስከ 4 ሚሊ ሊሰፋ ይችላል። መጋቢት ላይ «ልክክ» ብሎ የተገጠመ ክዳን ሐምሌ ላይ በመዶሻም አይነሣም። ክዳኑ ከ12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ቢሠራ መስፋቱ እጅግ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ በየጎኑ 2 ሚሊ ይተው፣ ከሥር ለጣት የሚሆን ቀዳዳ ይበጅ። ሁለቱም ፊት በአንድ ቀን ይልበስ። ቆዳው በውኃማ ኮላ ተለጥፎ ሌላው ፊት ባዶ ከሆነ፣ ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ ክዳኑን ያጎብጠዋል። ቫርኒሽም ከላይ ብቻ የሚቀባ አይደለም፤ ከሥርም ከጠርዝም ይቀባ፣ እርጥበት የሚገባው በተረሳው በኩል ነውና።

ለቡና ደግሞ ቡዮት የተባለው ክብ ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ እብነ በረድ፣ ዙሪያው ዝቅተኛ የነሐስ አጥር። ሲኒ አይወድቅም፣ የፈሰሰ ይጠረጋል፣ ጀበናም ከነማቶቱ ቢቀመጥበት ኮላ አያስለቅቅም። ምድጃው ግን መሬት ይሁን። 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ ወደ 21 ኪሎ ስለሚመዝን እግሮቹ በምስማር ሳይሆን በጥርስ ይጋጠሙ።

የሚያሠሩ ሰዎች ቀብድ ሲከፍሉ አንድ ነገር በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፦ በበጋ የተሠራ ዕቃ በመጀመሪያው ክረምት ሰፍቶ ቢነክስ (አልከፈት ቢል) ሠሪው አንድ ጊዜ በነፃ ያስተካክላል። ሲስተካከልም በጠመኔ ተፈትሾ የሚነካካው ቦታ ብቻ ይላግ፣ የተላገው ጠርዝም በዚያው ቀን ቫርኒሽ ይቀባ።

ከሰላምታ ጋር፣
የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣ ከባህር ዳር