ቀይ አሸዋው ደጃችን ነው፣ ማዳበሪያውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አዳማ፣ በወንጂ መውጫ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ግሪንሃውስ ውስጥ ቲማቲም አለማለሁ። ያለ አፈር ነው። የሚያየኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ታዲያ ምን በልቶ ያድጋል?» ብሎ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

አፈሩን የተውኩት ወድጄ አይደለም። መሬት ላይ ሦስት ዙር ተክዬ ነበር። በሦስተኛው ዙር አበባ ይዞ አምሮ የነበረው ቲማቲም ቀን ቀን እየጠወለገ፣ እየቀጨጨ ሄደ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ በሙሉ እባጭ በእባጭ ሆኗል። ኔማቶድ ነው አሉኝ፣ ሥር ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ትል። እሱ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ መከራ ነው፤ እንደኔ በቁራሽ መሬት ላይ ቲማቲም ነቅሎ መልሶ ቲማቲም የሚተክል ሰው ደግሞ በራሱ እጅ ይቀልበዋል።

ስለዚህ ወደ ቀይ አሸዋ ዞርኩ። ያንኑ ብሎኬት የሚሠሩበትን፣ መንገድ ላይ የሚደለደለውን ማለቴ ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለሆነ ሁለንተናው ቀዳዳ ነው፤ ውሃም ይይዛል፣ አየርም ያስገባል። ኮኮፒት (በአፈር ፈንታ የሚያገለግል የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ከውጭ ካልመጣልን ብላችሁ የተቀመጣችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እየኖርን ይሄን አንለፈው። አቧራውን ነፍቼ፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ አጥቤ ነው ላስቲክ ውስጥ የምሞላው። ማጠቡን ከዘለላችሁት ደቃቁ ከታች ይረጋና ሥሩን ያፍነዋል። ውሃ በመያዝ ግን ኮኮፒትን አይደርስበትም፣ ስለዚህ ጠዋት አንዴ አጠጥቶ መሄድ የለም፤ በተለይ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ በጠብታ መስኖ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ ነው የምሰጠው።

ያቃጠለኝ ምግቡ ነው። ቀይ አሸዋ ለተክሉ ይህ ነው የሚባል ምግብ የለውም፤ ሁሉንም በውሃ በጥብጠን የምንሰጠው እኛ ነን። መጀመሪያ የማውቀውን የአፈር ማዳበሪያ፣ ዩሪያና ኤንፒኤስ፣ በጠበጥኩ። ኤንፒኤሱ በደንብ ስለማይሟሟ ጠብታውን ደፈነብኝ። ዩሪያውን ደግሞ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተህዋስያን ካልለወጡት ቲማቲም እንደልቡ አይጠቀምበትም፣ የታጠበ አሸዋ ውስጥ ደግሞ እነሱ ከየት ይመጣሉ? ካልሲየምና ፖታሺየም ደግሞ በሁለቱም ውስጥ የሉም።

ቀጥዬ በስንት ፍለጋ ካልሲየም ናይትሬት፣ ፖታሺየም ናይትሬት፣ ሞኖፖታሺየም ፎስፌትና ማግኒዚየም ሰልፌት ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው «ሁሉንም አንድ በርሜል ውስጥ በጥብጠው» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። በማግስቱ በርሜሉ ሥር ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። ካልሲየሙ ወፍራም ሆኖ ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ ተክሉ ጋ አይደርስም። ከዚያ ፍሬው ታች ታቹ እየጠቆረ መበስበስ ጀመረ፣ በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ረጨሁበት። ለካ የካልሲየም እጥረት ነው! አሁን ሁለት በርሜል አለኝ። ካልሲየሙ ለብቻው፣ ሰልፌትና ፎስፌቱ ለብቻቸው፤ የሚገናኙት በብዙ ውሃ ከቀጠኑ በኋላ ነው። ይሄን በአማርኛ የጻፈልኝ ሰው ቢኖር አንድ ሙሉ ምርት አልከስርም ነበር።

ውሃውም ሌላ ጣጣ ነው። የአካባቢያችን የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት የሚባል ጨው ይበዛበታል፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያው ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ሽቅብ ይጎትተዋል። ቲማቲም ከ5.5 እስከ 6.5 ነው የሚስማማው። ከዚያ ሲያልፍ ብረት እያለ ተክሉ ይራባል፤ ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ታዩታላችሁ። እኔ በጥቂት ናይትሪክ አሲድ ነው የማወርደው፤ ጓንት አድርጌ፣ አሲዱን ወደ ውሃው እየጨመርኩ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም። ኢሲውን፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዳበሪያ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን ልክ፣ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር አካባቢ እጠብቃለሁ። መለኪያ ሳይገዛ የሚጀምር ሰው እባካችሁ ገንዘቡን አያባክን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ አትክልት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉት። ጋዜጣችሁ እነሱን አነጋግሮ፣ ለእኛ ውሃና ለእኛ ቀይ አሸዋ የሚሆን የበጠበጣ መጠን በግራም አስልቶ ቢያወጣልን ትልቅ ነገር ነው። አስመጪዎችንም ጠይቁልን። እኔ ያገኘሁት ማዳበሪያ ሁሉ በ25 ኪሎ ከረጢት የታሸገ ነው፣ ሰፋፊ እርሻዎችን አስቦ። ካልሲየም ናይትሬት ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይሟሟል፤ ጥቂት መቶ ችግኝ ያለው ሰው ግማሹን ሳይጠቀምበት ውሃ ይሆንበታል። በ2 ኪሎ፣ በ5 ኪሎ አሽጎ መሸጥ ምን ይከብዳል?

እስከዚያው ግን አዳማ፣ ወንጂና ሞጆ አካባቢ እንዲህ የምታለሙ ካላችሁ በዚሁ ገጽ ጻፉ። አንዱን ከረጢት ለአምስት ብንካፈለው ሳይበላሽ ያልቃል።

አክባሪያችሁ፣ ከአዳማ