የየኔታ የሥዕል ቤት ጣሪያ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ይመለስ፦ ለቢቸና ልጆችና ወዳጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የቢቸና ልጆችና ወዳጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህ የየኔታን የሥዕል ቤት የምናሠራው ኮሚቴ ሦስተኛ ጥሪያችን ነው። ሰው ደጋግሞ ሲለመን እንደሚሰለች እናውቃለን። የሚለምነውም ይደክማል። ግን ክረምቱ አይጠብቀንም። የኔታ ልጆችን ሥዕል የሚያስተምሩበት የሥዕል ቤታችን ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ የለውም።

ወሬው ላልደረሳችሁ፦ ባለፈው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ። ጣሪያው በአንድ በኩል ተነሥቶ መሐል ለመሐል ተሰብሮ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ ወጥተው ነበር። የኔታ ቤታቸው ቅርብ ነውና ከሁላችንም ቀድመው ደረሱ። «አይግቡ» ብንል ማን ሰምቶን። ገብተው መጀመሪያ ያወጡት የልጆቹን የወረቀት ሥዕሎች ነው። ከዚያ የቀለም ጣሳዎቹን። የራሳቸውን ሸራዎች ያወጣነው እኛ ነን። 11ዱ ላይመለሱ ተበላሽተዋል።

እኚህን ሰው ከእሳቸው የተማረ ሁሉ ያውቃቸዋል። ለወጣቶቹና ለሩቆቹ ግን ትንሽ ማለት ይገባል፤ ገንዘብ የምንጠይቀው ለቆርቆሮ ብቻ አይደለምና።

የኔታ የዲማ ጊዮርጊስ አገር ልጅ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ በገጹ ራስ ላይ የሚታየውን ሐረግ፣ ያን የተጠላለፈ መስመርና ቀለም፣ በከሰል ግድግዳ ላይ እየገለበጡ ነው ሥዕል የጀመሩት። ሐረግ የማንም መልክ አይደለም። ሰው የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ ግን ዓይን ይይዛል። «አብስትራክት (ረቂቅ) ሥዕል የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚላቸው ሁሉ ዛሬም የሚያሳዩት እሱን ነው።

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሄደው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ያኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እዚያ ያስተምሩ ነበር። ገብረ ክርስቶስ የሐረር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና መጻሕፍት ሥዓሊ ነበሩ። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምረው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ወሰዱ። የኔታ ስለ እሳቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። «የብራና ሥዓሊ ልጅ ረቂቅ ሥዕል ከሣለ፣ እኔስ ምን ያግደኛል?» ብለው ነው የበረቱት።

ሲመረቁ አዲስ አበባ መቅረት ይችሉ ነበር፤ ግን ወደ ቢቸና መጡ። ጡረታ እስኪወጡ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተማሩ። ቀለም ሲጠፋ ቀዩን አፈርና ዋልካውን አበጥረው፣ አመድ ጨምረው፣ በእንቁላል አስኳል እየለወሱ ከእኛ ጋር ቀለም ሠሩ። ሸራ ሲጠፋ አቡጀዲ በእንጨት ወጥረው ኮላ ቀቡ። ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው ጸሐፊ ያን ኮላ ካማሰሉት ልጆች አንዱ ነኝ።

የራሳቸውን ሥዕል የሚሠሩት ሌሊት ነበር። ትልልቆቹ ሸራዎቻቸው አግድም የተነባበሩ ቀለሞች ናቸው። ብዙ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ግን ቆም ብሎ ካየ ያውቃቸዋል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ታች ቀላ ያለው አሸዋማ ድንጋይ። አንድ ጊዜ አንድ አባት ሥዕሉ ፊት ቆመው «አልገባኝም» አሏቸው። የኔታም «አባቴ፣ ቅኔ ሲዘረፍ ወዲያው ይገባዎታል?» ብለው መለሱ። ሰውየው ሳቁ። ግን አልሄዱም፤ ቆመው አዩ። የጎጃም ሰው ሰምና ወርቅ ለመፈለግ ትዕግሥት አለው። ረቂቅ ሥዕልም የሚፈልገው ይህንኑ ነው ብለን እናምናለን።

ሥዕል ሲሸጡ ገንዘቡ የልጆች ቀለም ይሆን ነበር። ከተማሪዎቻቸው መካከል መምህር የሆነ አለ፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ አለ፣ ታፔላ እየጻፈ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አለ።

አሁን ወደ ቤቱ ጉዳይ። «እስካሁን የተሰበሰበው ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አንቀየምም። መሬታችን ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ አስቆፈርን፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ሞላን። ከመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የገባው መሬት ውስጥ ነው። ለዓይን አይታይም። ግን ያ ሁሉ ጣሪያ ሲወርድ ግድግዳው አንድ ስንጥቅ አላወጣም። ድንጋዩን በደቦ አጓጉዘናል፤ እናቶች ጠላና ዳቦ ይዘው ወጥተዋል። የጉልበት ዋጋ ብንከፍል ኖሮ እዚህም አንደርስም ነበር።

ጣሪያው ላይ ግን ተሳስተናል። ባሕር ዛፉ ሳይደርቅ ነው የተመታው። ሲደርቅ ጠመመ፣ ሚስማሩ ላላ፣ ከታች ደግሞ ምስጥ ገባበት። የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር፣ እኛም ክረምት መጣ ብለን ዝም አልን። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። አሁን እንጨቱ ተገዝቶ ከጥቅምት ጀምሮ ጥላ ሥር እየደረቀ ነው። የተቃጠለ ዘይት እየቀባነው ነው። የቀረን ቆርቆሮው፣ ሚስማሩና የአናጢው ዋጋ ነው። ቆርቆሮ 96 ያስፈልገናል። 31 አግኝተናል፤ 65 ይቀረናል። ሊረዳን ቃል የገባ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ደብዳቤያችንን ተቀብሎ እስካሁን መልስ አልሰጠንም። ሁለተኛው ጥሪያችንም ብዙ ሰው አላነቃነቀም።

የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ብዙ ዘመን ጀርመን ቆይተው እሳቸው በስደት አሜሪካ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ወደ አገራቸው የገቡት። ዛሬ አዲስ አበባ በስማቸው የሥነ ጥበብ ማዕከል አለ፤ ደስ ይለናል። የእኛ የኔታ ግን በሕይወት አሉ። ሥዕሎቻቸው በእድሩ ድንኳን ቤት በጣውላና በብረት ድስት መካከል ተከምረዋል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ሲወጣ ሸራዎቹ አብረው ይወጣሉ፣ ግቢ ይቀመጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ይህን ማየት ያሳምመናል።

ዐሥራታችሁንና ስለታችሁን አልጠየቅንም፤ እሱ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም እንደ አቅማችሁ በሰደቃ አስቡን፤ ልጆቻችሁ እዚያው አብረው ይማራሉ። ማስተማርም ምጽዋት ነው ብለው አባቶች ያስተማሩት እኛንም እናንተንም ነው። አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ቢችል 65 ሰው ነው የምንፈልገው። የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ አገር 65 ሰው አያጣም። ግማሽ ቆርቆሮ የሚችል ከጓደኛው ጋር ይሁን። ሚስማር ብቻ የሚችልም ይምጣ።

አከፋፈሉን እንድገመው፣ ግራ እንዳይገባችሁ። ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ሦስት ፈራሚ አለው፤ ማናችንም ብቻችንን አናወጣም። ቁጥሩ በደረሰኛችን ራስ ላይ ታትሟል፣ በእድሩ ድንኳን ቤት በር ላይም ተጽፏል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሒሳብ ነው የምትልኩት፤ በግለሰብ ስልክ አይደለም። በግለሰብ ስም ቁጥር የሚልክላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። ጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ደረሰኝ ሳትይዙ አትሂዱ። ከላካችሁ በኋላ ስማችሁን አሳውቁን፤ ያለ ስም የገባ ገንዘብ ስላለ ማንን ማመስገን እንዳለብን አላወቅንም።

ዋጋ በየሳምንቱ እየጨመረ ስለሆነ እስከ ፋሲካ ብትደርሱልን ቆርቆሮውን በአንድ ጊዜ እንገዛለን። አናጢው ከሰኔ ሚካኤል በፊት እንዲጨርስ ተስማምተናል።

የምትጠራጠሩ ካላችሁ የወጪ መዝገቡ ክፍት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገንዘብ ያዣችን እድር ቤት አሉ። የኔታም እዚያው ናቸው፤ ልጆቹን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ያስተምራሉ። የሒሳብ ቁጥሩ በበሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ የጻፉት እሳቸው ናቸው።