ነውር የተባለውን ስለ መጻፍ

ውድ የጽሑፍ ቡድናችን አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

የሚቀጥለው ንባባችን የስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ነው። ከመታተሙ በፊት ለዓመታት በረቂቅ መልክ ከሰው ሰው ሲዞር የኖረ ልብ ወለድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በመጠጥ ቤቶቹና በሴተኛ አዳሪዎቹ ይታወቅ የነበረውን የአዲስ አበባ ሰፈር፣ የውቤ በረሃን፣ ሌሊት ሰዉ በሚያወራበት አፍ ጻፈው።

ስታነቡ ስድቡና አልጋው ላይ ብቻ አትቁሙ። ተራኪውን ተከታተሉት። ሴቶቹ ላይ አይፈርድም። ይቀልዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ያፈቅራሉ፤ እሱ ያዳምጣል። ለእኔ ድፍረቱ እዚህ ላይ ነው። ብልግና መጻፍማ ማንም ይችላል።

በቅርቡ ያነበብናቸው ረቂቆች ብዙዎቹ አንባቢን ለማስደንገጥ ይቸኩላሉ። ደም፣ ስድብ፣ እንደገና ደም። ትንሽ ቆይቶ አንባቢው ይለምደዋል። ይልቅ ከእናቱ መቀነት ብር የሚሰርቅ ልጅ አስቡ። እናት ተኝታለች። ብሩን ያወጣል። ከዚያ ቋጠሮውን ልክ እሷ እንደምታስረው አድርጎ መልሶ ያስረዋል። ያቺ ቋጠሮ ከስንት ስድብ ትበልጣለች፤ ልጁ እናቱን ምን ያህል እንደሚያውቃት ታሳያለችና። «ጨካኝ ነው» ብላችሁ አትንገሩን። ለራሱ ምን ብሎ እንደሚያሳምን አሳዩን፤ ፍርዱን ለአንባቢ ተዉለት።

አንድ ነገር አደራ፦ በሕይወት ያለ፣ የሚታወቅ ሰው ገመና አውጥታችሁ እንዳትጽፉ። በደል ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ሁለት ገጽ ይዛችሁ ኑ። ጮክ ብሎ ለማንበብ የሚያሳፍራችሁ ቦታ ካለ አትሰርዙት፤ መጀመሪያ እሱን እናነባለን።