አባባ፣ ሳንነጋገር እንዳይፈርሙ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሶልያና የፊት ጥርሷ ወልቆ ለአያቴ አሳዩልኝ እያለች ታስቸግራለች። ናሆም ኳስ ጀምሯል፤ አማርኛውም እየተሻሻለ ነው፣ ስልክ ላይ ሲያፍር እንጂ እቤት ይናገራል።

የሜሪላንዱን ቤት «እንዳለ፣ ሳያድሱት፣ በ265 ሺህ ዶላር ልግዛዎ» ላለዎት ሰው ሊሸጡ መሆኑን የሰማሁት ከእትዬ አልማዝ ነው። ይሁን።

መሸጡን አልቃወምም። በ1962 የተሠራ ቤት ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቤዝመንቱ ውኃ ይገባዋል፣ የፍሳሹ ቱቦ ያ የድሮው ብረት ነው፣ የመስኮቶቹም ቀለም ተላልጧል። በዚህ ዕድሜዎ ከሠራተኛ ጋር እየተጨቃጨቁ ያሳድሱት አልልም። እንዳለ ይሸጥ። ግን ሰውየው ሁለት ነገር አንድ አስመስሎ ነግሮዎታል። እንዳለ መሸጥ ሌላ፣ ለእሱ መሸጥ ሌላ። ኤጀንት ይዘውም «ምንም አላድስም» ብለው ገበያ ማውጣት ይችላሉ። እርግጥ የገዢው ቁጥር ይቀንሳል። በኤፍኤችኤ ብድር፣ ማለት የፌዴራል መንግሥት ዋስ በሚሆንለት ብድር፣ የሚገዛ ሰው ጣሪያው የሚያፈስ፣ ወይም ከ1978 በፊት ተሠርቶ ቀለሙ የተላጠ ቤት ከሆነ ገማቹ ሳይጠገን አያሳልፍለትም። በካሽ የሚገዛና በመደበኛ ብድር የሚመጣ ግን አይጠፋም፤ የቤቱ ዋጋ የሚታወቀውም እነሱ ሲሻሙበት ነው።

265 ሺህ ዶላር ከየት እንደመጣ ልንገርዎ። እንዲህ ያሉ ገዢዎች ቤቱ ታድሶ የሚያወጣውን ይገምቱና 70 በመቶውን ይወስዳሉ፤ ከዚያ ላይ የእድሳቱን ወጪ ይቀንሳሉ። ታድሶ 500 ሺህ ያወጣል ካሉ 70 በመቶው 350 ሺህ ነው። እድሳቱን 80 ሺህ ሲሉት 270 ይቀራል፤ ከዚያም ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። ሌብነት አልለውም፣ ወለድም ትርፍም አለበት። ነገር ግን 80 ሺህ ያለው ራሱ ገዢው ነው! ጣሪያውንና ቱቦውን ሌላ ባለሙያ አይቶ ዋጋ ይጻፍልዎት። «ኮሚሽን አይከፍሉም» ማለቱም እውነት ነው፤ ግን ኤጀንት እንዳለ በ380 ሺህ ቢሸጠውና 6 በመቶ ቢወስድ 22,800 ነው። እጅዎ የሚገባው 357,200 ይሆናል። ከ265 ጋር ያስተያዩት።

እትዬ አልማዝ ፎቶ አንስታ በላከችልኝ ገጽ ላይ ከገዢው ስም ቀጥሎ «ወይም ውሉን የሚያስተላልፍለት» የሚል አለ። ያቺ ቃል ናት ያስፈራችኝ። ምናልባት ሰውየው ገንዘብ የለውም፤ እርስዎን አስፈርሞ ውሉን ለሌላ ገዢ አትርፎ ሊሸጠው ነው። ቀብዱ 100 ዶላር፣ የኢንስፔክሽን ጊዜው፣ ቤቱን አስመርምሮ ውሉን መተው የሚችልበት፣ 30 ቀን ነው። ገዢ ካላገኘ መቶ ዶላሩን እንኳ ሳይከስር ይሄዳል፤ ወይም በ28ኛው ቀን «መሠረቱ ተሰንጥቋል፣ 30 ሺህ ይቀንሱ» ይላል። እርስዎ ያኔ ዕቃዎን በካርቶን አድርገዋል፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። አንዳንዶቹ ደግሞ ውል እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት በካውንቲው የመሬት መዝገብ ያስመዘግባሉ፤ እስኪሰረዝ ለሌላ መሸጥ አይቻልም።

ስለዚህ ለእሱም ቢሆን የሚሸጡት፣ ማስተላለፍ የሚለው ይሰረዝ፣ ምዝገባም የተከለከለ መሆኑ ይጻፍ። ገንዘቡ በስሙ መኖሩን ከባንክ ደብዳቤ ያምጣ። ቀብዱ ቢያንስ 5,000 ይሁንና የቤቱን የባለቤትነት መዝገብ አጣርቶ ሽያጩን የሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ ዘንድ ይቀመጥ፣ እሱ ኪስ አይደለም። ኢንስፔክሽኑ ከ7 ቀን አይለፍ። ከክሎዚንግ፣ ማለት ሽያጩ ተጠናቆ ቤቱ ከተላለፈ፣ በኋላ 60 ቀን እዚያው እንዲቆዩ ከፈለጉ በጽሑፍ ይግባ፤ በአፍ የተባለው አይቆጠርም።

«እንዳለ» ስለተባለ ሁሉን መደበቅ ይቻላል ማለትም አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጩ በቅጹ ላይ የቤቱን ሁኔታ ዘርዝሮ መግለጽ ወይም «ዋስትና አልሰጥም» የሚለውን መምረጥ ይችላል። ሁለተኛውን ቢመርጡም የሚያውቁትን ስውር ጉድለት መጻፍ ግዴታ ነው። ከቤዝመንቱ የእንጨት ግድግዳ ጀርባ ያለውን ሻጋታ ያውቁታል፤ ይጻፉት። ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ መርዛማ እርሳስ (ሊድ) ስላለበት ቀለም የሚሞላው ቅጽም አይቀርም።

አሁን ወዳናደደኝ ልምጣ። ሰውየው «ባለቤትዎ ካረፉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ካልሸጡ ታክስ ይበላዎታል» አለ አሉ። የእማዬን ተዝካር ለራሱ ቀጠሮ አደረገው! ሕጉ አለ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሸጡ እስከ 500 ሺህ የሚደርስ ትርፍ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 250 ሺህ ነው ከፌዴራል ታክስ ነፃ የሚሆነው። ግን እናስላው። በ1994 በ150 ሺህ ገዛችሁት። የእርስዎ ግማሽ 75 ሺህ ነው። የእማዬ ግማሽ ባረፈችበት ቀን በነበረው ዋጋ ይሰላል፤ ቤቱ ያኔ 370 ሺህ ቢያወጣ 185 ሺህ። ድምሩ 260 ሺህ ነው፤ ከሽያጩ ላይ የሚቀነሰው ይህ ነው። በ380 ቢሸጥ ትርፉ 120 ሺህ፣ ከ250 በታች። የሚያስቸኩል ነገር የለም። ገማች ይጠሩና በዚያ ቀን የነበረውን ዋጋ ያስጽፉ፣ የሞት ሰርተፊኬቷንም ያዘጋጁ።

ታይትል ካምፓኒው ሌላም ነገር ያገኛል፤ የ2007ቱን የቤት ብድር። ከፍለው ቢጨርሱም ቤቱን አስይዘው ደጋግመው የሚበደሩበት የብድር መስመር በጽሑፍ ተዘግቶ ከመዝገብ ካልተሰረዘ ዛሬም ቤቱ ላይ አለ። ባንኩን ይጠይቁ። ያን ወረቀት እማዬ ቡና እያፈላች «የቤቱ ነው» ተብላ ነበር የፈረመችው። ለወንድሜ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ ግን ምን እንደፈረመች ያወቀችው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ለምን አልነገሯትም አባባ? አሁንም ሳይነግሩኝ ሊፈርሙ ነበር።

ገንዘቡን ለወንድሜ ሊያካፍሉ አስበው ከሆነም ቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። ወደፊት ለነርሲንግ ቤት ሜዲኬይድ፣ አቅም ለሌለው መንግሥት የሚከፍለውን የሕክምና እርዳታ፣ ቢጠይቁ ያለፉት 60 ወራት ስጦታ ይቆጠራል።

ከሸጡ በኋላ የት እንደሚሆኑ ማንም አልነገረኝም። አዲስ አበባ ከሆነ ሐሳብዎ፣ ማን ነው ከጎንዎ የሚሆነው? እዚህ ምድር ቤት መኝታና መታጠቢያ አለ፣ ደረጃ የለውም። እንግዳ አይሆኑም። ባለቤቴም ብሏል።

ቅዳሜ ጠዋት እደውላለሁ። እስከዚያ ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ፣ ከኋላ የተያያዙትንም ጨምረው፣ እትዬ አልማዝ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ሰውየው ቢመጣ «ልጄ እያነበበችው ነው» ይበሉት።

ልጅዎ