ብርቱካኖቻችንንም ቤት ለቤት የሚያይልን እንፈልጋለን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ሦስት ብርቱካንና አንድ ሎሚ አለኝ። ካቻምና ከብርቱካኖቹ የአንዱ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቢጫ ሆነ። ያየው ሰው "ማዳበሪያ አንሶት ነው" አለኝ፣ ገዝቼ ጨመርኩለት። ዘንድሮ ግማሹ ዛፍ ቢጫ ነው። ፍሬው ከሎሚ አይበልጥም፣ ይንጋደዳል፣ ላዩ ሲቀላ ታቹ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ስቆርጠው ደግሞ ዘሩ ጠቁሮ ኮስምኗል፣ ጭማቂውም ይመራል።

ቅጠሉን በጥሼ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ማዕድን ያነሰው ቅጠል ከመሐል አጥንቱ ግራና ቀኝ እኩል ነው የሚገረጣው። የእኔው ግን ግራው ሌላ፣ ቀኙ ሌላ፣ ዥንጉርጉር ነው። ግሪኒንግ የሚባለው በሽታ መልኩ እንዲህ ነው። ያለ ላቦራቶሪ ግን ነው ብዬ አልደመድምም፣ የሚመረምረውም ኮሮና ጊዜ የለመድነው ፒሲአር ነው።

ግሪኒንግ የባክቴሪያ በሽታ ነው፣ የሚፈውሰው መድኃኒት አልተገኘም። ከዛፍ ወደ ዛፍ የምታደርሰው ከጉንዳን የማትበልጥ ክንፋም ነፍሳት ናት። አንደኛዋ ዝርያ የእኛን የመሰለ ደጋ ትወዳለች፣ ጫጩቶቿ ለጋ ቅጠል ሥር ተለጥፈው ቅጠሉን ጉብ ጉብ ያደርጉታል። በሽታው በሰሜኑ የአገራችን ክፍል መኖሩ በ2010 እ.ኤ.አ. በጥናት ተዘግቧል። የሚያስፈራኝ ዛፉ ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት መፍጀቱ ነው። አሜሪካ ፍሎሪዳ ላይ ነፍሳቷ በ1998 እ.ኤ.አ. ታየች፣ በሽታው የተገኘው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ እዚያ በሽታውን በማሽተት የሚለዩ ውሾች ሳይቀር አሰልጥነዋል፣ ምርታቸው ግን አልተረፈም።

ከነፍሳቷ ይልቅ ሩቅ የሚወስደው ችግኝ ነው። የእኔን የተዳቀለ ችግኝ የገዛሁት ከመንገድ ዳር ነው። ያን ቀን ጎረቤቶቼም ገዝተዋል። ሻጩ ከየት አመጣው? ለስንት ቤት ሸጠ? የጻፈው የለም።

ጎንደር ደግሞ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ደንቢያን ወባ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ ነው፤ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ገጠር እየወጡ በሽታን ካለበት ድረስ ሄደው ይፈልጉ ነበር። ለዛፍስ ለምን አይሆንም? የልማት ሠራተኞች ስልክ ይዘዋል። ፎቶ አንስተው፣ ቀበሌውንና ችግኙ የመጣበትን ጽፈው፣ ከተጠረጠረው ዛፍ ጥቂት ቅጠል ወደ ላቦራቶሪ ቢልኩ ካርታው በአንድ ክረምት መልክ ይይዛል። ችግኝ ሻጮችም ምንጫቸውን ይናገሩ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እማማ "ልጄ፣ ከዚያች ከጣፋጯ ብርቱካንህ ቅርንጫፍ ስጠኝ፣ አዳቅላለሁ" አሉኝ። አልሰጠሁም፣ ከፋቸው። ዛፉን ገና አልቆረጥኩትም። ናሙና የሚወስድ ካለ ይምጣ፣ በሬ ክፍት ነው።

ከአዘዞ፣ የጓሮ አትክልተኛ