ስለ ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅህ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው?

መጥፋቴን አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ምክንያት አልደረድርልህም፣ አንተም ምክንያት መስማት አትወድም። ስድብህን ለስልክ አቆይልኝ። ዛሬ የጻፍኩልህ ጭንቅ ይዞኝ ነው፤ ይህን ጉዳይ ከአንተ በቀር የማማክረው ሰው የለኝም።

ለአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ውስጥ ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሰ ወጣት አለ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነው፣ በቅርቡ አግብቷል። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ደስ እያለኝ ጻፍኳቸው። ከዚያ ስብሰባ ተጠራንና ፕሮዲዩሰሩ እንዲህ አለኝ፦ ‹‹ልጁ ሌሊት ተነስቶ ቢላ ይያዝ። ሚስቱን እያሳደደ ግቢው ይቀወጥ። ተመልካች መደንገጥ አለበት።›› ዳይሬክተሩም ተስማማ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ‹‹ራምቦን አላየህም እንዴ?›› ብሎ ጨመረልኝ።

አይቻለሁ። ያየሁትም ከአንተ ጋር ነው፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚው ላይ ተጣብቀን። የመግቢያውን ሳንቲም ከየት እንዳመጣኸው እስከ ዛሬ ለእናትህ ለእትዬ አልተናገርኩም፤ ውለታዬን አትርሳ።

ከስብሰባው ስወጣ የመጀመሪያውን ራምቦ ፈልጌ እንደገና አየሁት፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን። እኛ የምናስታውሰው መትረየስ ታቅፎ ጫካውን የሚያጭደውን ሰውዬ ነው አይደል? በዚህኛው ፊልም ላይ ግን የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ከሄሊኮፕተር ወድቆ። ራምቦ ከቬትናም የተመለሰ ብቸኛ ሰው ነው። የጦር ጓደኛውን ፍለጋ ይሄድና በካንሰር መሞቱን ይሰማል። ከዚያ አንድ የፖሊስ አዛዥ እንደ ወሮበላ ቆጥሮ ከከተማው ያስወጣዋል፣ ሲመለስ ያስረዋል። ጺሙን በግድ ሊላጩት ምላጭ ሲያስጠጉበት ምርኮኛ ሳለ የተፈጸመበት ስቃይ ይመጣበታል። ችግሩ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

መጨረሻውን ታስታውሰዋለህ? የቀድሞ አዛዡ ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሳይጎን ውስጥ አንድ ልጅ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ እንደመጣ ይናገራል። ሣጥኑ ውስጥ ፈንጂ ነበር። ጓደኛው ተበጣጠሰ፣ ወደ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ እያለ ሞተ። ራምቦ የጓደኛውን እግሮች ፈልጎ አጣቸው። ይህ ነገር በየቀኑ እየመጣበት ስንት ዓመት! ክረምት በመጣ ቁጥር የሊስትሮ ሣጥን ተሸክመን የዞርን ልጆች ያን ትዕይንት አይተን ምንም አልገባንም። እንግሊዝኛውን ማን ያውቃል? ቤቱ በሙሉ ‹‹እለፈው! እለፈው!›› ብሎ ተንጫጫ። ባለ ቪዲዮ ቤቱም አሳለፈው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ያው ሰው ተመልሶ ወደ ቬትናም ተላከ። ለቅሶው ቀረ፣ መትረየሱ መጣ። ዓለም የወደደውም፣ እኛም ግድግዳችን ላይ የለጠፍነው ይሄኛውን ነው። የታመመው ሰውዬ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሕመሙ ራሱ፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት (ፒቲኤስዲ የሚሉት)፣ በሐኪሞች መዝገብ ውስጥ አሁን በሚጠራበት ስም የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አሜሪካ ውስጥ የቬትናም ተመላሾችና አብረዋቸው የቆሙ ሐኪሞች ብዙ ታግለውለታል። ሲኒማው ግን ከእነሱ ቀድሞ ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። ታክሲ ድራይቨርን አስበው፤ እ.ኤ.አ. የ1976 ፊልም ነው። ከቬትናም የተመለሰ፣ እንቅልፍ የሌለው የታክሲ ሹፌር፣ መጨረሻው ደም። ፊልሙን እወደዋለሁ፣ አልዋሽህም። ግን ከእሱ በኋላ በስንት ተራ ፊልምና በስንት የፖሊስ ድራማ ላይ ያ ሰውዬ እንደተገለበጠ ቁጠረው። ገዳይ ሲያስፈልግ ተመላሽ ወታደር ይጠራል። ደራሲው ሌላ ምክንያት ማሰብ አያስፈልገውም።

እውነተኛዎቹን ሰዎች ያሳየ ፊልም ደግሞ ተደበቀ። ጆን ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1946 ለአሜሪካ ጦር አንድ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ ሲታከሙ ያሳያል። ተዋናይ የለበትም። አንዱ መናገር አቅቶት ይንተባተባል፣ አንዱ መራመድ አቅቶታል፣ አንዱ የፍቅረኛውን ፎቶ ስለማየቱ ሲናገር እንባው ይቀድመዋል። ቢላ የያዘ የለም። ጦሩ ፊልሙን ለሕዝብ እንዳይታይ አግዶ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አስቀመጠው። እርግጥ እሱም የራሱ ችግር አለበት። በመርፌና በሂፕኖሲስ በአንድ ቀን የሚድኑ ያስመስላቸዋል፤ ማገገም እንደዚያ አይፈጥንም። ግን ፊታቸውን እይ! ያን ፊት ሳይ ወዲያው የመጡብኝ ጋሼ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። ልቀጥል።

አባትህ ከአፍአበት ውጊያ የተረፉ ሰው ናቸው። በ1983 ዓ.ም ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። እኔ የማውቃቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቢላ ይዘው አላየሁም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንኳን ሰምቼ አላውቅም። የማስታውሰው ፊቱን ወደ በሩ ያደረገውን ወንበራቸውን ነው፤ እንግዳ ቢመጣም አይለቀቅም። እኔና አንተ ወደ ቤት ስንገባ ሳንባባል ኮቴያችንን እናሰማ ነበር። እትዬ ሲቀሰቅሷቸው በእጅ አይነኳቸውም፤ ከእግራቸው በኩል ራቅ ብለው ቆመው በስማቸው ይጠሯቸዋል። ያን ጊዜ የሰው ቤት ሁሉ እንደዚህ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም ግን ቡሔ። ፍልሰታ ሲገባ ጀምሮ ልጆቹ ጅራፍ ማጮህ ሲጀምሩ ጋሼ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይሄዱ ነበር፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ሰፈሩ ለጾሙ ነው ይላል። እትዬ ደግሞ በር ላይ ቆመው ልጆቹን ይደራደራሉ፦ ‹‹እዚህ ደጅ ጅራፍ ካላጮሃችሁ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ሙልሙል።›› እኛም ድርሻችንን በልተናል። አንተ ጅራፍ ገመድህን አጣጥፈህ ሱሪህ ውስጥ ስትከት አይቼሃለሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም።

የጁላይ አራት፣ የአሜሪካኖቹ የነጻነት በዓል ሰሞን የላክህልኝን ፎቶ አስታወስከው? ግቢው ላይ የተተከለውን ጽሑፍ፣ እዚህ የጦር ተመላሽ ይኖራል፣ ርችት ስትተኩሱ አስቡልን የሚለውን። ‹‹የእትዬ ሙልሙል አሜሪካ ገባ›› ብለህ ነበር የጻፍክልኝ። መልስ አልሰጠሁህም። ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ ነው። አሁን ግን ድራማዬ ውስጥ መግባት ያለበት ይኸው ነው እላለሁ። በሽታው ሰውዬው ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ ቤቱ በሙሉ አካሄዱን ያስተካክልለታል። ይህን የሚያሳይ ፊልም ስንቱ ነው?

አንድ ልንገርህ። አሜሪካን ስናይፐር የሚባለው ፊልም ላይ ከኢራቅ ጦርነት የተመለሰው ሰውዬ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል፣ የተኩስ ድምፅ ይሰማል። ካሜራው ሲዞር ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። በቃ፣ ይኸው ነው። በቀረው ፊልም ብዙ የምከራከርበት ነገር አለ፤ ማገገሙም ከሁለት ከሦስት ትዕይንት በላይ አይፈጅበትም። ያቺን ቦታ ግን ለፕሮዲዩሰሩ አሳየሁት። ‹‹ፈረንጅ ይገባዋል፣ የእኛ ሰው አይገባውም›› አለኝ። በጣም ተናደድኩ። የእኛ ሰው ነው የማይገባው? በየሰፈሩ አንድ ጋሼ ያለበት አገር?

ወታደርን እንደምንፈልገው አድርገን ማሳየት እኛም ለምደነዋል። የቃኘው ዘማቾችን እይ። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ኮርያ ሄደው ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል። በየመታሰቢያው በዓል ሽማግሌዎቹ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባሉ። አንድም ሰው አልተማረከብንም የሚለው ይደገማል። የሚያኮራ ነገር ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ግን እንቅልፍ እንዴት ነው ብሎ የጠየቃቸው ጋዜጠኛ አላየሁም። የጋሼን ጊዜ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። እስከ 1983 ድረስ በሬዲዮ መዝሙር ይዘፈንላቸው ነበር፤ በማግስቱ የደርግ ወታደር ተባሉ። የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ መንገድ ላይ የለመኑትን አብረን አይተናል። የተዘፈነለትም የተሰደበውም ያው አንድ ሰው ነው።

አሁን የተመለሱት ልጆች ደግሞ በየቤቱ አሉ። ድራማውን የሚያዩትም እነሱ ናቸው። የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው። አንዱ ተመላሽ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ያን ባለቢላ ሰውዬ ቢያይ፣ እናቱም ዞር ብላ ብታየው? እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሊናገር የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ ይናገራል? ቤት አከራዩስ? አሠሪውስ? ንዴት የለም አልልህም። ቤቱን የሚያምስ፣ ሚስቱን የሚመታ አለ፤ እሱን መደበቅም ውሸት ነው፣ ሚስትየዋንም መበደል ነው። ግን አብዛኞቹ ማንንም አይጎዱም። አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ አማክሬ ነበር። ትዝታው እንደ ፊልም ጥርት ብሎ አይመጣም፣ ብዙ ጊዜ በጠረንና በድምፅ፣ በላብና በልብ ምት ነው የሚመጣው አለችኝ። እየተመላለሱ በመነጋገር የሚረዳ ሕክምና መኖሩንም ነገረችኝ። እስኪ ያንን በእኛ ድራማ ላይ አይተህ ታውቃለህ?

እንግዲህ ጥያቄዬ። ጥያቄ ነው፣ እምቢ ማለት ትችላለህ። የወንበሩን፣ የአቀሳቀሱን፣ የቡሔውን ነገር ልጻፈው? ስምም ሰፈርም አይኖርም፤ ዘማቹ ወጣት ነው፣ ጦርነቱም ሌላ ነው። ግን እትዬ ካዩት ያውቁታል። ጋሼም ያውቁታል። ሙልሙሉን ከማንም ልወስደው አልችልም፤ የእናንተ ነው።

ሌላም አለ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሄጄ ራሳቸውን ብጠይቃቸውስ? ባለፈው ፋሲካ ቤት ገብቼ ነበር። ደህና ናቸው፣ ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል። ዜና አያዩም፤ የሰልፍ ሙዚቃ ሲጀምር እትዬ ጣቢያውን ይቀይራሉ። ልጠይቃቸው አፌ ላይ ደርሶ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። አንተ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን? ካልጠየቅክ እኔ ቀድሜህ መጠየቄ ልክ አይመስለኝም። ከፈለግክ በስልክ አንተ ጀምርላቸው፣ እኔ አጠገባቸው ልቀመጥ።

ትዕይንቱን የማስረክበው ለጥቅምት መጨረሻ ነው። ያንተን መልስ ሳላገኝ አላስረክብም። እምቢ ካልክም የቢላውን አልጽፍላቸውም፤ ሌላ ደራሲ ይፈልጉ ብያለሁ፣ ከልቤ ነው። እሁድ ማታ በእኛ ሰዓት ከሦስት በኋላ ቤት ነኝ። ደውል፣ መጀመሪያ ስደበኝ፣ ከዚያ እናውራ።

ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ